ሁለት ድስት

ያደግሁት ደሴ ነው። በሠፈራችን ሠርግ ሲሆን ድንኳኑ አንድ፣ ድስቱ ግን ሁለት ነበር። ክርስቲያን ልጁን ሲድር ለሙስሊም ጎረቤቶቹ በግ ለብቻ ይገዛል። አራጅ ከእነሱው ወገን ይጠራል። ሴቶቻቸው የራሳቸውን ድስት ይዘው ይመጡና በጓሮ በኩል ይሠሩታል። ሙስሊም ሲድርም እንደዚያው ነው። የእኔ ሥራ ከአንዱ ምድጃ ወደ ሌላው ሽንኩርት ማመላለስ ነበር። ሽንኩርት ሃይማኖት የለውም።

«ሥጋዬን ለምን አልበላህም» ብሎ የተቀየመ ሰው አላየሁም። ቅያሜው ጭራሽ በቀረ ሰው ላይ ነበር።

ይህ ነገር ድንገት ትዝ ያለኝ ከብዙ ዓመት በኋላ ዋሽንግተን ውስጥ ነው። የኢትዮጵያን እስረኞች ጉዳይ ለኮንግረስ ልናስረዳ ሄደን፣ ሬይበርን በሚባለው የኮንግረስ ሕንጻ ካፍቴሪያ አምስት ሆነን ተቀምጠናል። ጊዜው 2017፣ ሰኔ ነው። (ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፈው፤ እዚህ አገር የኖረ ሰው ችግሬን ያውቀዋል።) ሐጂ ረመዳን ላይ ናቸው። የጅማው ልጅ፣ ተማሪው፣ እሱም እንደዚሁ። እኔና ሲስተር የሐዋርያትን ጾም ይዘናል። የሚበላ ፓስተሩ ብቻ ነው። የዶሮ ሳንድዊች ገዝቶ መጣና አራታችንን ተራ በተራ አየን።

«እናንተ ሰዎች፣ በዚህ አገር የሚርበው ጴንጤ ብቻ ነው እንዴ?» አለ።

ሐጂ ሳይቀሩ ሳቁ። ሲስተር ደጋግማ አወራችው፤ ባወራችው ቁጥርም እንደገና ሳቀች። «ሲስተር» የምንላት ነርስ ስለሆነች ነው፤ አዲስ አበባ ሆስፒታል ውስጥ ብዙ ዓመት ሠርታለች።

ሳቁ ያስፈልገን ነበር። መኪና ውስጥ ተጣልተን ነው የመጣነው። የጠቡ ምክንያት ባንዲራ ነው። ሐጂ ልሙጡን አረንጓዴ ቢጫ ቀይ በከረጢታቸው ይዘዋል። ተማሪው ልሙጡን ባየ ቁጥር አያቱ የነገሩትን ነገር ያስታውሳል፤ እሱ የሚወደው ሌላ ባንዲራ አለው። ሲስተር መንግሥት ያወጣውን ባለ ኮከቡን ባትወደውም «ሕጋዊው እሱ ነው» ትላለች። አርሊንግተን ድልድይ ላይ ስንደርስ ድምፃችን ከመኪናው ውጪ ይሰማ ነበር። በመጨረሻ ፓስተሩ «ምንም ባንዲራ አንይዝም፤ የታሳሪዎችን ስም ዝርዝር ብቻ ነው የምንይዘው» አለ። ሐጂ ባንዲራቸውን አጣጥፈው ከመቀመጫው ሥር አስገቡት። ዛሬም ድረስ ያ ዝምታ ከብዙ ንግግር ይበልጥብኛል።

ጉዳያችን ኤች አር 128 ነበር። ያኔ እዚህ የነበረ ሐበሻ ሁሉ ቁጥሩን እንደ ቤት ቁጥሩ ያውቀዋል። ኢትዮጵያ ውስጥ ሰብዓዊ መብት እንዲከበር የሚጠይቅ የውሳኔ ሐሳብ ነው። ሕግ አይደለም፤ ማንንም አያስገድድም። ግን በ2016 ኦሮሚያና አማራ ክልል ውስጥ ሰው ሲገደል፣ ኦክቶበር 2 ቢሾፍቱ ላይ የኢሬቻ በዓል ወደ ለቅሶ ሲለወጥ፣ ከዚያ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ፣ እዚህ ያለነው ሰዎች እጃችን ላይ የነበረው ነገር ያ ብቻ ነበር። ፈይሳ ሌሊሳ ሪዮ ላይ እጁን አጣምሮ ከገባ ከሳምንታት በኋላ ካፒቶል መጥቶ ከኮንግረስ አባላት ጋር ሲቆም፣ ከመካከላቸው አንዱ ክሪስ ስሚዝ ነበሩ። ፌብሩዋሪ 2017 ላይ 128ን ያስገቡትም እሳቸው ናቸው።

ስሚዝ የኒው ጀርሲ ሪፐብሊካን ናቸው። ካቶሊክ። ከ1981 ጀምሮ ኮንግረስ ውስጥ አሉ፤ ውርጃን በመቃወም ከእሳቸው በላይ ስሙ የሚነሳ ተወካይ ጥቂት ነው። እሳቸው በሚመሩት የአፍሪካ ንዑስ ኮሚቴ ውስጥ የዴሞክራቶቹ ተጠሪ ደግሞ ካረን ባስ ነበሩ፤ ዛሬ የሎስ አንጀለስ ከንቲባ ናቸው። በውርጃ ጉዳይ ሁለቱ ሰማይና ምድር ናቸው። በኢትዮጵያ ጉዳይ ግን ጎን ለጎን ይቀመጡ ነበር። ከኮሎራዶ ማይክ ኮፍማን ነበሩ፤ ሪፐብሊካን ቢሆኑም ኦሮራ ያለው ሐበሻ መራጭ ደጃቸውን ሲያንኳኳ በሩን ከፈቱ።

ነገሩ አዲስም አልነበረም። በእኛ አቆጣጠር ከ97ቱ ምርጫ በኋላ፣ በፈረንጅ በ2007፣ ኤች አር 2003 የሚባለውን ረቂቅ ይዘው የተነሱት ሟቹ ዶናልድ ፔይን ነበሩ። እሳቸውም ከኒው ጀርሲ፤ ግን ዴሞክራት፣ ግዛቲቱ ወደ ኮንግረስ የላከችው የመጀመሪያው ጥቁር ተወካይ። ያ ረቂቅ የተወካዮች ምክር ቤቱን አልፎ ሴኔት ላይ ቀረ። እንግዲህ የኢትዮጵያን እስረኛ ጉዳይ አንዴ አንደኛው፣ አንዴ ሌላኛው ነው የተሸከመው። ከኒው ጀርሲ ውጪ ብዙ የሚያመሳስላቸው ነገር አልነበረም።

አሁን ደግሞ ተቃራኒውን እንይ። 128ን በግልጽ ከተቃወሙት ዋነኛው የኦክላሆማው ሴናተር ጂም ኢንሆፍ ነበሩ። አጥባቂ ክርስቲያን፣ በውርጃ ጉዳይ ከስሚዝ ጋር አንድ ልብ። ኢትዮጵያን ደጋግመው የጎበኙ፣ ቤተሰባቸው ውስጥ ከኢትዮጵያ በማደጎ የመጣች የልጅ ልጅ ያለቻቸው ሰው። «ኢትዮጵያን አይወዱም» የሚላቸው የለም። ግን የአዲስ አበባው መንግሥት አጋር ነው፣ አይነካ የሚሉ ነበሩ።

ይህን ስረዳ አንድ ነገር ተቃለለልኝ። አስቀድሜ ሰውን በጥቅል ነበር የምመዝነው። «ስለ ውርጃ ይህን የሚል ስለ እስረኛ ያንን ይላል» ብዬ ነበር የማስበው። ኢንሆፍና ስሚዝ ሒሳቤን አበላሹት። ሰው እንደ ሸቀጥ በጥቅል አይገዛም ለካ።

ወደዚያ ቀን ልመለስ።

ከካፍቴሪያው ወጥተን የገባነው የአንድ ሪፐብሊካን ተወካይ ቢሮ ነው። ከእኛ ግዛት አይደሉም። ሐበሻ መራጭም እምብዛም የላቸው። የተቀበለን ረዳታቸው ዕድሜው ከሠላሳ አይዘልም። ከጀርባው ግድግዳ ላይ ጃንዋሪ በገባ ቁጥር ዋሽንግተን ውስጥ የሚደረገው የፀረ ውርጃ ሰልፍ ፖስተር ተሰቅሏል። ሲስተር ፖስተሩን አየችው። እኔ እሷን አየኋት።

ምክንያቱን ስለማውቅ ነው። ኢትዮጵያ በ97 ዓ.ም. ሥራ ላይ በዋለው የወንጀል ሕጓ ውርጃ የሚፈቀድባቸውን ሁኔታዎች ከማስፋቷ በፊት ሲስተር የማህፀን ክፍል ውስጥ ትሠራ ነበር። በድብቅ ተሞክሮ የተበላሸውን ሁሉ እነሱ ናቸው የሚቀበሉት። አንድ ጊዜ በመኪና ስንሄድ አንዲት የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ታሪክ ጀመረችልኝና መሐል ላይ አቆመችው። ቀሪውን አልጠየቅኳትም። እኔ በዚህ ጉዳይ ላይ እንደ እሷ አላምንም። ቤተ ክርስቲያኔ የምትለውን ነው የምለው። ግን እሷ ያየችውን አላየሁም፤ ይህንንም አውቃለሁ።

ሐጂ ስለ እህታቸው ልጅ ተናገሩ። «ድምፃችን ይሰማ» ብለው በሰላም በወጡ ሰዎች መሐል ስለነበረው። በ2015 የእንቅስቃሴው ኮሚቴ ሰዎች እስከ 22 ዓመት እስራት ሲፈረድባቸው ምን እንደተሰማቸው ተናገሩ። ተማሪው ስለ አብሮ አደጎቹ ተናገረ። ፓስተሩ ተረጎመ። ረዳቱ ልጅ ሁሉንም ጻፈ። መጨረሻ ላይ እስክሪብቶውን አስቀመጠና ለወዳጅነት መስሎት፣ በቅንነት፣ «ኢትዮጵያውያን ሃይማኖተኞች ናችሁ፤ በሕይወት ጉዳይ ከእኛ ጋር እንደሆናችሁ አውቃለሁ» አለ።

ዝም ማለት ይቻል ነበር። ፈገግ ብሎ ማለፍ ይቻል ነበር። እኔ ለማለፍ ተዘጋጅቼ ነበር እንዲያውም።

ሲስተር «እኔ አይደለሁም» አለች።

ክፍሉ ጸጥ አለ።

«በዚያ ጉዳይ አንስማማም። ሌላ ቀን ከፈለግህ ለምን እንደማልስማማ እነግርሃለሁ። ዛሬ የመጣሁት ስለ እስረኞቹ ነው።»

ልጁ ፊቱ ቀላ። ከዚያ ሳቀ፤ የማሾፍ ሳቅ አልነበረም። «እሺ» አለ፣ «ዛሬ ስለ እስረኞቹ ነው።» ወረቀቱ ላይ ግን አንድ ነገር ጨምሮ ሲጽፍ አየሁት። ምን እንደሆነ አላውቅም። ከሳምንታት በኋላ የአለቃው ስም ከደጋፊ ፈራሚዎቹ ዝርዝር ውስጥ ገባ። በእሷ ንግግር ነው አልልም። በእሷ ንግግር አልቀረም ማለት ግን እችላለሁ።

ኮሪደሩ ላይ ተማሪው «ሲስተር፣ ልትገዪን ነበር እኮ!» አላት።

«ውሸታም ሆኜ ከምገባ ሳልገባ ብቀር ይሻለኛል» አለችው። «ደግሞ የዋሸሁት ቀን ነው ሁለተኛ የማያምነኝ።»

ሐጂ ምንም አላሉም። ሊፍት ውስጥ ስንገባ ቦርሳዋን ተቀብለው ያዙላት።

*

በዚያው ዓመት ሌላ ትግል ውስጥም ነበርኩ። ኤርፖርት ዊልቸር እገፋ ነበር። ያውም በኮንትራክተር ሥር፤ ስሙን አልጠራም፣ ዛሬም እዚያ የሚሠሩ ጓደኞች አሉኝ። የምንበዛው ሐበሾች ነበርን፤ ኢትዮጵያውያን፣ ኤርትራውያን፣ ሱዳኖችም አሉ። መምህር የነበረ አለ፣ የባንክ ሥራ አስኪያጅ የነበረ አለ፣ ዲያቆን አለ። ቲፕ ይሞላዋል እየተባለ የሚከፈለን በቤት ኪራይ ፊት የሚያሳፍር ነበር።

32ቢጄ የሚባለው ዩኒየን እኛን ለማደራጀት አንዲት የባልቲሞር ልጅ ላከ። ጥቁር አሜሪካዊት፣ ድምፀ ጎርናና፣ የማትደክም። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሺፍት ስንቀያየር ቡና ይዛ ትጠብቀናለች። ቦርሳዋ ላይ ባለ ቀስተ ደመና ባጅ ነበራት። የትዳር አጋሯ ሴት ናት፤ አትደብቅም፣ አትለፍፍምም።

ዲያቆኑ ተቸገረ። በእውነት ተቸገረ እንጂ ክፋት አልነበረውም። «ከእሷ ጋር ፎቶ ተነስቼ ቤተ ክርስቲያን እንዴት እገባለሁ?» አለኝ። ሌሎችም በየጥጉ ይጉመተመቱ ነበር። አንድ ሌሊት ዲያቆኑ ቀጥ ብሎ ሄደና በተሰባበረ እንግሊዝኛ ባጁን እንድታወልቀው ጠየቃት። አጠገባቸው ስለነበርኩ መግባት የምችልበት ቀዳዳ ፈለግሁ። አጣሁ።

አላወለቀችም። ያለችው በአማርኛ ሲመለስ እንደዚህ ነው፦ «አላወልቀውም። አንተም የአንገትህን ማተብ አትበጥስም። እኔ አብረኸኝ ወደ እኛ ሰልፍ ና አልልህም። አንተ ደግሞ ተደበቂ አትበለኝ። ለ11 ዶላሩ ግን አብረኸኝ ትመጣለህ ወይ?»

ወዲያው አልመለሰላትም። ሁለት ቀን ቆይቶ ፊርማውን ሰጣት።

ኤፕሪል 2017 ላይ ሁለቱን የዋሽንግተን ኤርፖርቶች የሚያስተዳድረው ባለሥልጣን ቦርድ ወሰነ፤ ከጃንዋሪ 2018 ጀምሮ የኮንትራክተር ሠራተኛ ዝቅተኛ ክፍያ በሰዓት 11 ዶላር ከ55 ሳንቲም እንዲሆን። ያኔ የቨርጂኒያ ሕግ የሚለው 7 ዶላር ከ25 ነበር። ልዩነቱ ለአንዳንዱ ሰው ምንም ላይመስል ይችላል። እኔ ሁለተኛውን ሥራዬን የተውኩት በእሱ ነው።

በዚያው ዓመት የዲያቆኑ እናት አገር ቤት አረፉ። መርዶው ሲነገር ቤቱ ሞላ። አደራጇ እንዴት እንደሰማች አላውቅም፣ መጣች። አበባ ይዛ። ልቅሶ ቤት አበባ ይዞ የመጣ ሰው የት እንደሚያስቀምጠው ታውቃላችሁ? ማንም አላወቀም። ጠረጴዛ ላይ ንፍሮው አጠገብ ተቀመጠ። ቀስተ ደመናው ቦርሳዋ ላይ እንዳለ ነው። ከዚያ ወደ ዲያቆኑ ሄዳ፣ ከማን እንደተማረችው እንጃ፣ «እግዜር ያጥናሽ» አለችው። በሴት አንቀጽ። ሴቶቹ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሰበሰቡ። ዲያቆኑ ራሱ እያለቀሰ ፊቱ ላይ የሆነ ነገር ፈገግ አለ። ከአጠገቡ ቦታ ለቀቀላት።

ሐሳቡን አልለወጠም። እስከ ዛሬ አልለወጠም። እሷም የእሱን ሃይማኖት አልተቀበለችም። ይህን የምጽፈው «ፍቅር ሁሉን አሸነፈ» የሚል ታሪክ የሚጠብቅ አንባቢ እንዳለ ስለማውቅ ነው። አላሸነፈም። የተሸነፈ ነገር ቢኖር 7 ዶላር ከ25 ነው።

*

ደግሞ የማይሆን አጋርነት አለ።

አንድ ቢሮ ውስጥ፣ የትኛው እንደሆነ ይቅር፣ ሰውዬው በጣም ተመችቶት ሰማንና አንድ ሐሳብ አቀረበ። «ይህን ነገር ክርስቲያኖች በሙስሊሞች የሚደርስባቸው ስደት አድርጋችሁ ብታቀርቡት ብዙ ሰው ይፈርማል» አለ። ጊዜው የትራምፕ የጉዞ እገዳ ከወጣ ገና ወራት ያልሞላው ነው፤ ሶማሊያና ሱዳን፣ ጎረቤቶቻችን፣ ዝርዝሩ ውስጥ ነበሩ። ሐጂ እዚያው ከጎናችን ተቀምጠዋል። እንግሊዝኛው አልገባቸውም ብዬ ተስፋ አደረግሁ። ገብቷቸዋል።

የመለሰው ፓስተሩ ነው። ከሁላችን በላይ በዚያ ቢሮ ቤተኛ መሆን የሚችለው እሱ ነበር፤ ቋንቋቸውን፣ ጸሎታቸውን ያውቃል። ፎልደሩን ዘጋ። «የታሰሩት የእሳቸውም ልጆች ናቸው» አለና ወደ ሐጂ ጠቆመ። አመስግኖ ተነሳ። ተከትለን ወጣን። ያን ፊርማ አላገኘንም።

ልዩነቱ ይኸው ነው መሰለኝ። ሲስተር ፊት የተቀመጠው ልጅ ከእሷ ጋር ባይስማማም እሷን ከጠረጴዛው አላስነሳም። ይኛው ግን ድጋፉን የሚሰጠን ከመካከላችን አንዱን ብናስነሳለት ነበር።

ጃንዋሪ 2018 ላይ ደግሞ ትራምፕ ስለ አፍሪካ አገሮች ያሉት ጸያፍ ቃል ወጣ። በዚያ ላይ ዲቪን ለማስቀረት ዘመቻ ተይዟል። ስካይላይን፣ ሁላችንም የምንሰበሰብበት ካፌ ውስጥ ተማሪው «ከእንግዲህ አንድም ሪፐብሊካን ቢሮ አልገባም» ብሎ ጠረጴዛውን መታ። ማኪያቶዬ ፈሰሰ። እኔ የመጣሁት በዲቪ ነው። ቃሉ እኔንም አሞኛል። ግን ዲቪ ራሱ እንዴት እንደመጣ ሳነብ ያገኘሁትን ነገርኩት፤ በ1990 የወጣው ሕግ ሲረቀቅ እነ ቴድ ኬኔዲ በዋናነት የሚያስቡት ለአየርላንዳውያን ነበር። የፈረሙት ሪፐብሊካኑ ትልቁ ቡሽ ናቸው። ስለ ደሴ ልጅ ያሰበ ማንም አልነበረም። ሌላ ሰው ለሌላ ሰው በከፈተው በር ነው የገባሁት።

ተማሪው «እሱ ሌላ፣ ይሄ ሌላ» አለ። እውነቱን ነው። ለሁለት ወር ቀረ። ማንም አልወቀሰውም፤ ቦታውን ግን ይዘንለት ነበር።

ኤፕሪል 10፣ 2018 ማክሰኞ ዋለ። ፋሲካ በዋለ በሁለተኛው ቀን። የተወካዮች ምክር ቤቱ 128ን አጸደቀው፤ ስም እየተጠራ ሳይቆጠር፣ በቃል ድምፅ ብቻ። ደጋፊ ፈራሚዎቹ ከመቶ በላይ ደርሰው ነበር። ማታ ሁላችንም ሲስተር ቤት ሄድን። ምድጃዋ ላይ ሁለት ድስት ዶሮ ወጥ ተጥዷል። አንደኛውን ለሐጂና ለተማሪው፣ ከሙስሊም ሥጋ ቤት ገዝታ በአዲስ ድስት የሠራችው ነው። ሐጂ ክዳኑን ከፍተው አሸተቱና «ይሄ የወሎ እጅ ነው» አሏት።

«የመቐለ ነው» አለች።

«እንግዲያው ወሎ አስተምሮሽ ነው» አሉ።

*

እዚህ ላይ ባቆም ደስ ባለኝ።

ሲስተር የመቐለ ልጅ ሆና ከእኛ ጋር መቆሟ በዘመዶቿ ዘንድ ያስወቅሳት ነበር። ያን ጊዜ እንደ ቀላል ነበር የማየው። ኖቬምበር 2020 ላይ ጦርነቱ ሲጀመር የመቐለ ስልክ ተቋረጠ። እናቷን ማግኘት አልቻለችም። የዋትስአፕ ቡድናችን ስሙ አሁንም «128» ነው። የመጀመሪያውን ሳምንት ሁሉም ዝም አለ። በሁለተኛው ሳምንት እሷ ስለ ስልኩ ጻፈች፤ መስመሩ እንዲከፈት በጋራ ደብዳቤ እንጻፍ አለች። እኔ ሌሊቱን ዜና ሳይ አድሬ ነበር። የሰሜን ዕዝን ወሬ እሰማ ነበር። በንዴት እንደዚህ ብዬ ጻፍኩ፦ «በመጀመሪያ በሰሜን ዕዝ ላይ የተፈጸመውን አውግዢ፤ ከዚያ ስለ ደብዳቤው እንነጋገራለን።»

ከአንድ ሰዓት በኋላ መለሰች። «እናቴን ሳገኛት አነጋግርሃለሁ።» ከሥሩ ግራጫዋ ጽሑፍ መጣች፤ ቡድኑን ለቃለች።

ያን መልእክት ብዙ ጊዜ አንብቤዋለሁ፣ የእኔን ማለቴ ነው። ያንን የሪፐብሊካን ረዳት «በመጀመሪያ ስለ ዲቪ አውግዝ» አላልኩትም። አደራጇን «በመጀመሪያ» ያልኳት ነገር የለም። ለባዕድ አንድ ጉዳይ በቅቶኛል። ከሲስተር ግን ሁሉንም ፈለግሁ፤ ያውም በቅድሚያ፣ ያውም እናቷ በሕይወት መኖራቸውን ሳታውቅ። የጠየቀችው ስልክ ነበር። ስልክ ይከፈት ለማለት ጦርነቱን ማን እንደጀመረ መስማማት አያስፈልግም። ሽንኩርት ማለት ይሄ ነበር።

በ2021 ነገሩ ሁሉ ተደበላለቀ። ካፒቶል ፊት ለፊት በ2018 አብረው የተቃቀፉ ሰዎች መንገዱን ለሁለት ተካፍለው ተቃራኒ መፈክር ይዘው ቆሙ። ቨርጂኒያ ውስጥ ዕድሜ ልካቸውን ዴሞክራት የመረጡ ሐበሾች በባይደን ተናደው ለሪፐብሊካኑ የገዥነት ዕጩ ለያንግኪን ቀሰቀሱ፤ እሳቸውም አሸነፉ። እኔ በዚያ ምርጫ ማንን እንደመረጥሁ አልናገርም። የሚያኮራኝ አይደለም፣ የሚያሳፍረኝም አይደለም።

ኦክቶበር 2022 ላይ አሜሪካ ለኢትዮጵያውያን ቲፒኤስ የሚባለውን ጊዜያዊ ከለላ ፈቀደች። ወረቀት የሌለው፣ ቪዛው ያለፈበት፣ ሁሉ ለ18 ወር ከመባረር የሚድንበትና የሥራ ፈቃድ የሚያገኝበት ነበር። ቅጹ አማራ ነህ፣ ትግሬ ነህ፣ ኦሮሞ ነህ ብሎ አይጠይቅም። ክረምቱ ላይ፣ በፈረንጅ ክረምት፣ አንድ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ቅዳሜ ቅዳሜ ቅጽ የሚሞሉ ፈቃደኞች ይፈለጋሉ ተባለ። ሄድኩ። አስተባባሪዋ ዝርዝሯን አይታ «ጠረጴዛ አራት» አለችኝ።

ጠረጴዛ አራት ላይ ሲስተር ተቀምጣለች።

ፀጉሯ ሸብቷል። ቀና ብላ አየችኝ፤ ከፊት ለፊቷ የተቀመጠው ልጅ ፓስፖርቱን ይዞ ይጠብቃል። «ጥቁር እስክሪብቶ ይዘሃል?» አለችኝ። ሰጠኋት። የቲፒኤሱን ቅጽ፣ አይ-821ን፣ እሷ፣ የሥራ ፈቃዱን ቅጽ እኔ ያዝን። እስከ አመሻሹ አሥራ አንድ ሰው አስተናገድን። አንዱ የጎንደር ልጅ ነው፣ አንዷ የአክሱም። «የትውልድ ቦታ» የሚለው ላይ ስትደርስ እጇ ለአፍታ ቆም ሲል አይቻለሁ። የእኔም ቆሟል።

ማታ መኪና ማቆሚያው ላይ ብርዱ ያንገበግባል። ቁልፏን እየፈለገች ነበር።

«እናትሽ?» አልኳት።

«አሉ። ደክመዋል እንጂ አሉ።»

«እግዚአብሔር ይመስገን።»

«ያን ቀን የጻፍከውን አልረሳሁትም» አለች።

«እኔም አልረሳሁትም።»

በሩን ከፈተች። ገባች። ሞተሩን ሳታስነሳ መስኮቱን ዝቅ አደረገችው።

«ቅዳሜ ትመጣለህ?»

«እመጣለሁ።»

«የፕሪንተሩ ቀለም አልቋል» አለች። «ስትመጣ ገዝተህ ና።»